መጀመሪያ ሆዱን ገልብጡት፦ የእንጨት ፈጣን ጀልባ በሐዋሳ

ትዕግሥት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሐይቁ አጠገብ ወዳለው ወርክሾፕ አንድ አሮጌ የእንጨት የሞተር ጀልባ መግባቱን ከነገርናችሁ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። አብዛኛው ስለ ቫርኒሹ ነው፤ መቼ እንደሚቀባ፣ እንዴት እንደ መስታወት እንደሚያብረቀርቅ። ጀልባ ሠሪው ሄኖክ ግን ጀልባው ከመግባቱ አስገልብጦ ሆዱን መመርመር ጀመረ።

ሄኖክ፦ ሌላ መጀመሪያ የለውም። ሰው ዓይኑን የሚጥለው ከውኃ በላይ ባለው ላይ ነው፤ ጀልባውን የሚያኖረው ግን ከውኃ በታች ያለው ነው። ስለዚህ ሞተሩ ይወጣል፣ ወንበሮቹ ይነሣሉ፣ ቅርጹ እንዳይለወጥ ከውስጥ በወፍራም እንጨት ይወጠራል፣ ከዚያ ይገለበጣል። ድጋፍ ሳይደረግለት የተገለበጠ አሮጌ ጀልባ ይጎብጣል። ጎብጦ ሳለ አዲስ ጣውላ ብትመቺበት ጉብጠቱን አጸናሽው ማለት ነው።

ትዕግሥት፦ ምርመራው ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል ወይ ብለው የጠየቁ አሉ።

ሄኖክ፦ ወስፌ ይበቃል። እናቶቻችን ሰፌድ የሚሰፉበት ያው ወስፌ። በመጀመሪያ በካቻቢቴ እጀታ ጣውላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንኳኳት ነው። ደህና እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ድምፁ በታፈነበት ቦታ ላይ ወስፌውን መጫን። ደህና ከሆነ ጫፉ ብቻ ገብቶ እንጨቱ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ለማውጣት ትንሽ መታገል ያስፈልጋል። የበሰበሰ ከሆነ ሰተት ብሎ ይገባል። በዚህኛው ጀልባ የኋላው ግድግዳ ከታችኛው ጣውላ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ወስፌው እስከ እጀታው ገባ።

ትዕግሥት፦ ለምን እዚያ? ከሐይቁ ጋር የሚነካካው መላው ሆዱ ነው።

ሄኖክ፦ ያበሰበሰው ሐይቁ አይደለም፤ ዝናቡ ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ሁልጊዜ ውኃ ጠጥቶ የሚኖር እንጨት አየር ስለማያገኝ በቀላሉ አይበሰብስም። አደገኛው አንዴ የሚረጥብ አንዴ የሚደርቅ፣ ነፋስ የማይደርስበት ጥግ ነው። ክረምት ላይ ሸራ ሳይለብስ የከረመ ጀልባ ውስጥ የዝናብ ውኃ ወርዶ ወርዶ የሚጠራቀመው በዚያ ማዕዘን ነው። ስለዚህ ጀልባ ያላችሁ ሰዎች፣ ሌላ ምንም ባታደርጉ ሸራ አልብሱት፤ ሸራውም አየር የሚያስገባ ይሁን።

ትዕግሥት፦ ብሎኖቹንም አሳይተኸኝ ነበር። ያ ነገር አስደንግጦኛል።

ሄኖክ፦ አዎ። ቀደም ሲል የጠገነው ሰው የናስ ብሎን ተጠቅሟል። ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ እርጥብ እንጨት ውስጥ ሲቆይ ዚንኩ ከውስጡ እየተበላ ይወጣል። ብሎኑ ሲታይ ሙሉ ነው፤ ጥርሱም አለ፤ ቀለሙ ግን ወደ ሮዝ ይሄዳል። በካቻቢቴ ሳዞረው ጭንቅላቱ እንደ ደረቅ ጭቃ ተፈርፍሮ እጄ ላይ ቀረ። ጣውላውን ከአጥንቱ፣ ማለትም ከውስጥ ከሚሸከመው እንጨት ጋር የያዘው ይህ ነው እንግዲህ። ከውኃ በታች የሚገባ ብሎን የሲሊከን ነሐስ፣ ማለትም አብዛኛው መዳብ ሆኖ ሲሊከን የተቀላቀለበት ብረት መሆን አለበት። ዋጋው ይከብዳል፣ ሐዋሳም ገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም፤ ቢሆንም በዚህ ላይ አልደራደርም።

ትዕግሥት፦ እዚህ ላይ ልሟገትህ። ባለ ጀልባው ሰው ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል አካባቢ ጎብኚ እየጫነ ጉማሬ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ጀልባው ከቆመ ገቢው ቆመ። አሮጌውን ሆድ በፋይበርግላስ፣ ማለትም በሙጫ በሚደርቅ የመስታወት ክር ጨርቅ ሸፍኖ ቢጨርሰው ማፍሰሱ ወዲያው ይቆማል፤ ወጪውም ያንሳል። ምን ክፋት አለው?

ሄኖክ፦ ክፋቱ ቆይቶ ነው የሚመጣው። በጣውላ የተገጣጠመ ሆድ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከላዩ የደረቀው ፋይበርግላስ ግን አብሮት አይሄድም። ጣውላዎቹ በሚጋጠሙበት መስመር ላይ ይሰነጠቃል ወይም ይላቀቃል። በዚያ የገባ ውኃ መውጫ የለውም፤ ማንም ሳያየው ውስጥ ለውስጥ ያበሰብሳል። ከዚያ በኋላ የሚጠግን ሰው ሲመጣ የሚጠግነው እንጨት አያገኝም። የእንጨት ጀልባ ትልቁ ሀብቱ አንዱን ጣውላ አውጥቶ ሌላ መተካት መቻሉ ነው። ያንን መንገድ መዝጋት ጀልባውን ዕድሜ መንፈግ ነው።

ትዕግሥት፦ በኢፖክሲ፣ በዚያ ጠንክሮ በሚደርቀው ሙጫ የሚሠሩ አዳዲስ የእንጨት ጀልባዎችስ?

ሄኖክ፦ እነዚያ ሌላ ናቸው። ቀጫጭን እንጨት ተደራርቦ በኢፖክሲ ሲጣበቅና ከመጀመሪያው እርጥበት እንዳይገባው ሲታሸግ አንድ አካል ይሆናል፤ አይንቀሳቀስም። በእሱ ላይ ፋይበርግላስ ቢለብስ ይስማማል። ከዜሮ የሚጀምር ሰው ቢመርጠው አልቃወምም። የኔ ቅሬታ በአሮጌ ጣውላ ላይ የሚለጠፈው ነው።

ትዕግሥት፦ መልስህን እቀበላለሁ፤ ግን ገቢ የሚፈልገውን ሰው ጉዳይ አልመለስክም።

ሄኖክ፦ ለእሱ የምለው ይህ ነው፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታፍርሰው። ወስፌው ከገባበት ክፍል ጀምር፤ ጎብኚ በሚቀንስበት በክረምት የኋላውን ጥግ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀሪውን። እንጨት ለዚህ ይመቻል።

ትዕግሥት፦ እንጨት ካነሣህ፣ የጥንቶቹ ፈጣን ጀልባዎች ማሆጋኒ ነበሩ። በአሜሪካ ሚሺጋን አልጎናክ በምትባል ከተማ የክሪስቶፈር ኮሎምበስ ስሚዝ ቤተሰብ ያቋቋመው ክሪስ ክራፍት፣ በኢጣሊያ ደግሞ ኢዜኦ ሐይቅ ዳር በሳርኒኮ ያለው ሪቫ። የሪቫ ቤት በ1842 ነው የተመሠረተው፤ ዝነኛው አኳራማ የወጣው በ1962 ነው፤ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር። እኔን የሚገርመኝ ሁለቱም የወንዝና የሐይቅ ልጆች መሆናቸው ነው፤ የባሕር አይደሉም። ፍጥነታቸውም ቀላል አልነበረም። እዚያው አልጎናክ ጀልባ ይሠራ የነበረው “ጋር ዉድ” የተባለ ሰው በ1931 በውኃ ላይ በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር በማለፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በዓመቱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ። በእንጨት ጀልባ!

ሄኖክ፦ ማሆጋኒ የተመረጠው ለውበቱ ብቻ አይደለም። ሲረጥብና ሲደርቅ ብዙም አይለዋወጥም፣ መበስበስን ይቋቋማል፣ ለመላጊያ ይመቻል። እኛ አገር ከዚህ ባሕርይ ጋር የሚቀራረበው ዋንዛ ነው። ቀላል ነው፣ ብዙ አይኮማተርም፣ ቫርኒሽ ሲነካው ቀላ ያለ ቡናማ ይሆናል። ግን ከተፈጥሮ ደን ዋንዛ መቁረጥ ክልክል ነው፤ መከልከሉም ትክክል ነው። ሲዳማ ውስጥ ገበሬው በቡናው መሐል ለጥላ ያሳደገው ዋንዛ አለ፤ መግዛት ያለብን ሕጋዊ ወረቀት ይዞ የሚመጣውን ያንን ነው። ባሕር ዛፍ እንጠቀም የሚሉኝ አሉ። ጠንካራ ነው፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለጀልባ ጣውላ አልደፍረውም።

ትዕግሥት፦ ጠፍጣፋው ጣውላ በአፍንጫው በኩል እንዴት ነው የሚታጠፈው? እስካሁን የማልጠግበው ሥራ ይህ ነው።

ሄኖክ፦ በእንፋሎት። ረጅም የእንጨት ሳጥን እንሠራለን፤ ከሥሩ በርሜል ውኃ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በቱቦ ወደ ሳጥኑ ይገባል። የተለመደው ልክ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ነው። ሐዋሳ ላይ ግን መጨመር ያስፈልጋል።

ትዕግሥት፦ ከፍታው ነዋ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም።

ሄኖክ፦ ልክ ነሽ። እንጨቱ ይለሰልሳል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል። ለእንፋሎት በምድጃ የደረቀ እንጨት አይሆንም፤ በነፋስ የደረቀ፣ ትንሽ እርጥበት የቀረው ይሻላል። ከሳጥኑ ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። ሦስት ሰዎች ወፍራም ጓንት አድርገው ይቆማሉ፤ ሞርሳዎቹ ተከፍተው በየቦታቸው ይጠብቃሉ፤ ጣውላው ወጥቶ አፍንጫው ላይ ይያዛል፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየተጫኑ ማሰር ነው። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ማንም አያወራም። ታስሮ ያድራል፤ ሲፈታ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፤ ጥቂት ስለሚመለስ ከመጀመሪያው ትንሽ አብዝቶ ማጠፍ ነው።

ትዕግሥት፦ አሁን ወደ ሆዱ እንመለስ። ድሮ ሆዱ ሁለት ድርብ ነበር አይደል?

ሄኖክ፦ አዎ። የውስጠኛው ቀጭን ጣውላ በሰያፍ ይሄዳል፤ የውጭው ከአፍንጫ ወደ ኋላ። በመካከላቸው በማሸጊያ የተነከረ ሸራ አለ። እንዲህ ያለ ጀልባ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ሲገባ ያፈስሳል፤ ጣውላው አብጦ መጋጠሚያው እስኪዘጋ ጥቂት ቀን ይፈልጋል። ውኃ ላይ ለሚውልና ለሚያድር ጀልባ ያ መልካም ነበር። እዚህ ግን ብዙ ጊዜ ዳር ወጥቶ በበጋ ፀሐይ ይደርቃል፤ በደረቀ ቁጥር መጋጠሚያው ይከፈታል። ስለዚህ በሸራው ፋንታ እንደ ጎማ የሚለጠጥ የባሕር ማጣበቂያ እጠቀማለሁ። ጣውላው ሲንቀሳቀስ አብሮት ይንቀሳቀሳል፤ ፋይበርግላሱ የሚጎድለው ይህ ነው። የጥንቱን አሠራር አጥፍተሃል የሚሉኝ ይኖራሉ፤ ጀልባው የሚንሳፈፍበትን አገር ማየት ግን አለብን።

ትዕግሥት፦ እኔ ደግሞ ከሞተር ሰው ዓይን አንድ ነገር ልጨምር። የሆዱ የኋላ ሲሶ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ፈጣን ጀልባ ፍጥነት ሲያገኝ ውኃውን መሰንጠቁን ትቶ በላዩ ላይ ይወጣል። የሚሸከመው ያ የኋላው ክፍል ነው። ወደ ውስጥ ከሰረጎደ አፍንጫውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ወደ ውጭ ከጎበጠ ደግሞ ጀልባው በፍጥነት ላይ እየነጠረ ይሄዳል። ብዙ ሰው ሞተሩን ይወቅሳል፣ አሽከርካሪውን ይወቅሳል። ረጅም ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ አስደግፎ በሥሩ ብርሃን የሚያልፍበትን ማየት ብቻ ነው።

ሄኖክ፦ ይህን እያንዳንዱ ጀልባ ሠሪ ግድግዳው ላይ ይጻፈው።

ትዕግሥት፦ ሞተሩም ከፍታውን ይከፍላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ሐዋሳ ላይ ወደ 17 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ ፕሮፔለር፣ ውኃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ማለት ነው፣ እዚህ ለሞተሩ ይከብደዋል፤ ሞተሩ የሚገባውን ዙር ሳያገኝ ይታፈናል። መፍትሔው ትልቅ ሞተር መግዛት ሳይሆን በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት አነስ ያለ ፕሮፔለር መግጠም ነው። የአሮጌ ሞተር ካርቡሬተርም ቤንዚን እንዲቀንስ መስተካከል አለበት፤ አለበለዚያ ጥቁር ጭስ ነው።

ሄኖክ፦ ፕሮፔለሩን የሚያዞረውን ዘንግ ከሞተሩ ጋር የምታገናኚው መቼ ነው?

ትዕግሥት፦ መጨረሻው ልኬት ውኃ ላይ ነው። የእንጨት ጀልባ መሬት ላይ ሲቆምና ሲንሳፈፍ ቅርጹ አንድ አይደለም። ወርክሾፕ ውስጥ ልክ የነበረ መጋጠሚያ ሐይቁ ላይ ሊጣመም ይችላል። ዘንጉና ሞተሩ የሚገጥሙባቸው የሁለቱ ብረቶች ክፍተት ዙሪያውን ተለክቶ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ መብለጥ የለበትም። ሌላው የደኅንነት ነገር ነው፦ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከወለሉ ሥር ይተኛል። ሞተር ከመነሣቱ በፊት ትነቱን የሚያስወጣው ማራገቢያ ቢያንስ አራት ደቂቃ ይሥራ። ይህን ያልፈጸመ ጀልባ ተሳፋሪ መጫን የለበትም።

ሄኖክ፦ ቫርኒሹን ለጠየቁት ደግሞ ባጭሩ፦ የመጀመሪያው ቅብ ቀጥኖ እንጨቱ ውስጥ ይግባ፤ ከዚያ በየቅቡ መካከል በብርጭቆ ወረቀት እየታሸ ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ። የፀሐይ ጨረር መከላከያ ያለው ቫርኒሽ ይሁን፤ በዚህ ከፍታ ፀሐዩ አይምርም። የሚቀባው በማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ አቧራ ያመጣል፤ ማታ በመብራት ከቀባችሁ ትንኝ ይለጠፍበታል። በየዓመቱ አንድ ሁለት ቅብ መጨመር ግድ ነው።

ትዕግሥት፦ አንድ ልመና አለኝ። ጀልባው ሲያልቅና ሲሮጥ ደስታው እንደማይገለጽ አውቃለሁ። ግን አሞራ ገደል አጠገብ፣ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን በጣሉበት፣ ጉማሬ በሚተኛበት ዳር ፍጥነት ይቀነስ። የፈጣን ጀልባ ማዕበል የአጥማጁን ትንሽ ጀልባ ይገለብጣል። የሕይወት አድን ጃኬትም ለሁሉም ሰው።

ሄኖክ፦ ይስማማኛል። በሚቀጥለው ክፍል የኋላውን ግድግዳ እናወጣለን፤ ማዕዘኑ ላይ ምን ያህል እንጨት እንደተረፈ ያኔ ነው የሚታወቀው።

ትዕግሥት፦ የጣውላ ውፍረትና የብሎን ርዝመት የጠየቃችሁን ሰዎች ደግሞ በዚያው ክፍል ቁጥር በቁጥር እንመልስላችኋለን። ቸር ይግጠመን።