ባንኬሮና ጃባሪ ስሚዝ፦ አንዱ አውጪ፣ አንዱ ተቀባይ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ደሴ ያላችሁ፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ወልዲያ ያላችሁ፣ ከወሎ ርቃችሁ የምትከታተሉንም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የሁለት ልጆች ጉዳይ ነው። ፓኦሎ ባንኬሮ እና ጃባሪ ስሚዝ ጁኒየር። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፣ ሁለቱም ፎርዋርድ፣ ማለትም የፊት ተጫዋች። ሁለቱም ከሁለት ሜትር በላይ ናቸው። ሁለቱም ኤንቢኤ፣ የአሜሪካው ሊግ፣ የገቡት በአንድ ሌሊት፣ በ2022 ድራፍት ነው፤ ድራፍት ክለቦች አዳዲስ ልጆችን በተራ የሚመርጡበት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

ያን ሌሊት የተከታተላችሁ ታስታውሳላችሁ። ብዙ ሰው ኦርላንዶ ማጂክ ስሚዝን አንደኛ አድርጎ ይመርጣል ብሎ ነበር የጠበቀው። የተጠራው ግን የባንኬሮ ስም ሆነ። ስሚዝን ሂውስተን ሮኬትስ በሦስተኛ ምርጫ ወሰደው። ማን ይሻላል የሚለው ክርክር ይኸው እስከ ዛሬ አላባራም።

እስቲ የወሎ ሰርግ አስቡ። ድንኳኑ ሞልቷል። ከበሮው ይመታል። አውጪዋ መሃል ትገባለች። ግጥሙን የምታወጣው እሷ ናት። ፍጥነቱን የምትወስነው እሷ ናት። የሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው። ተቀባዮቹስ? አንድ ስንኝ ነው የሚመልሱት። ያችኑ አንድ ስንኝ ደጋግመው። ግን በሰዓቷ! አንዲት ጭብጨባ ከዘገዩ ዘፈኑ ይሰበራል። ተቀባይ የሌላት አውጪ ምን ትሆናለች? ድምጿ ይዘጋል። ሙሽራው ሳይመጣ ትደክማለች። አውጪ የበዛበት ሰርግስ? አንዷ ጀምራ ሳትጨርስ ሌላዋ ትነጥቃታለች፣ ተቀባዩ የማንን እንደሚቀበል ግራ ይገባዋል። ሰርጉን ሰርግ የሚያደርገው ሁለቱ ሲገጥሙ ነው። ጎበዝ ተቀባይ ያለበትን ሰርግ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ከድንኳኑ መውጣት ያቅታል።

ባንኬሮ አውጪ ነው። ስሚዝ ተቀባይ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ቴክኒኩን ቶሎ ልበለው። ዩሴጅ ማለት ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ሳለ ከቡድኑ ማጥቃት ስንቱ በእሱ እጅ ያልቃል ማለት ነው፤ በሹት፣ በቅጣት ምት ወይም ኳስ በማስነጠቅ። የባንኬሮ ከፍተኛ ነው፣ የስሚዝ ዝቅተኛ ነው። በቃ፣ አብሽሩ፣ ከዚህ አላከብደውም።

አሁን ስክሪኑን እዩልኝ። ባንኬሮ ኳሱን ከላይ ይዟል። ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ተከላካዩን ይገፋዋል። ሁለተኛው ሊያግዝ ይመጣል። ያኔ ኳሷ ወደ ማዕዘን ትበራለች። ስሚዝን ደግሞ እዩ። ማዕዘን ላይ ቆሟል፣ ጉልበቱን ቀድሞ አጥፏል፣ እጁን አዘጋጅቷል። ኳሷ እንደደረሰች ከግንባሩ በላይ አንስቶ ይለቃታል። አያነጥራትም። ተከላካዩ ቢዘልም አይደርስበትም።

ወደ እናንተ መልእክት ልምጣ፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጽፋላችሁ። "ባንኬሮ 25፣ ስሚዝ 12። ሂውስተን ተሸወደ።" ቁጥሩ ትክክል ነው። በ2024-25 ባንኬሮ በአማካይ 25.9 ነጥብ አስቆጥሯል፣ ስሚዝ 12.2። ድምዳሜው ግን ልክ አይደለም፣ በፍጹም አይደለም። ስሚዝ ያን ዓመት ኳሱን ያገኝ የነበረው ሌላው ሠርቶ ሲጨርስ ነው። የቡድን ጓደኞቹ፣ ሸንጉን መሃል ላይ ተከላካይ ይስብ ነበር፣ ጄለን ግሪን ሰንጥቆ ይገባ ነበር፣ ከዚያ ነው ኳሷ ስሚዝ ጋ ትመጣ የነበረው። የሰጡት ሥራ ይህ ነው። ሥራው ሌላ የሆነን ሰው በነጥብ ብቻ ትመዝኑታላችሁ? በዚያው ዓመት ሂውስተን 52 ጨዋታ አሸንፎ ከምዕራቡ የሊጉ ምድብ ሁለተኛ ወጣ። ኦርላንዶ 41 አሸንፎ 41 ተሸነፈ። ባንኬሮ ኢንዲያና ላይ 50 ነጥብ ባስቆጠረ በሁለተኛው ቀን የጎን ጡንቻው ተቀዶ 34 ጨዋታ አምልጦታል፣ ይህንም አልዘነጋሁም። ግን እሱ ሲመለስም ችግሩ አልሄደም።

ችግሩ ምን ነበር? ተቀባይ! ኦርላንዶ በዚያ ዓመት ከወረወረው ሦስት ነጥብ ያገባው 31.8 በመቶውን ብቻ ነው። ከ30 ቡድን መጨረሻ። ተከላካዮቹ ማዕዘኑን ባዶ ትተው ባንኬሮ ላይ ይሰበሰባሉ። የባንኬሮ የቡድን ጓደኛ ፍራንዝ ዋግነር ድንቅ ልጅ ነው፣ እሱም ግን ኳስ ይዞ የሚገባ አውጪ ነው። እዚህ ኦርላንዶ ሲጫወት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ነቅታችሁ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ኳሷ ማዕዘን ትደርሳለች፣ ሰውየው ብቻውን ነው፣ ይስታል።

ኦርላንዶ ይህን አይቶ ነው በ2025 ክረምት ዴዝመንድ ቤይንን ከሜምፊስ ያመጣው። የከፈለው ሁለት ተጫዋችና አራት የመጀመሪያ ዙር ድራፍት ምርጫ ነው። ለአስተማማኝ ሹተር! በዚያው ክረምት ሂውስተን ኬቪን ዱራንትን አምጥቶ ግሪንን ሸኘ። ስሚዝን ግን አልሸኘውም። ለአምስት ዓመት 122 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። "ተሸወደ" የተባለው ክለብ ነው ይህን የከፈለው።

እኔ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ባንኬሮን እመርጣለሁ። ቡድን በእሱ ዙሪያ ይሠራል፣ እንደሱ ያለ ሰው በየዓመቱ አይገኝም። ስሚዝን ግን አጠገቡ ማየት እንዴት በወደድኩ! አንዱ ሲያወጣ አንዱ ሲቀበል። ኦርላንዶ ያን ሌሊት አንዱን ብቻ ነበር መውሰድ የሚችለው።

የማትስማሙ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። በሚቀጥለው ሸንጉንን እናያለን፣ እሱ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።