ለድሬ ቤት የትኛው ስክሪን ይሻላል? ኤልሲዲ፣ ኪውሌድ ወይስ ኦሌድ

[ምስል፦ ታይዋን ገበያ፣ ጎን ለጎን የበሩ ቴሌቪዥኖች]

ሰላም የድሬ ልጆች! ከሌላ ቦታ የምታዩንም ሰላም ብለናል። እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ቲቪ ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ኢንቹ ነው። ቀጥሎ ፎርኬ መሆኑ፣ ስማርት መሆኑ። ፓኔሉን የሚያነሳ የለም። ምስሉን የሚሠራው ግን እሱ ነው። ከብርሃናችን፣ ከሙቀታችንና ከአቀማመጣችን ጋር ካልተስማማ ብራችሁን ውሃ በላው።

ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቲቪ ኤልሲዲ ነው። ካርቶኑ ላይ ኤልኢዲ ቢልም ያው ነው፤ ኤልኢዲው ከኋላ ያለው መብራት ነው። ከመብራቱ ፊት ፈሳሽ ክሪስታል የያዘ ስስ ንብርብር አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ክሪስታሉ አቅጣጫ ይቀይራል፤ እንደ መጋረጃ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከልላል። ያለፈው ብርሃን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ወጥቶ ቀለም ይሆናል።

[ምስል፦ የጨለመ ስክሪን፣ የስልክ መብራት ተጠግቶበት]

ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ጥገና ቤት ጎራ በሉ። «ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም» ተብሎ የመጣ ቲቪ አይጠፋም። ክፍሉን አጨልሙና የስልክ መብራት ስክሪኑ ላይ አስጠግታችሁ አብሩ። ዜና አንባቢዋ እዚያው አለች! ደብዘዝ ብላ፣ ግን እየተንቀሳቀሰች። ፓኔሉ ደህና ነው፤ የሞተው የኋላው መብራት ነው። አምፖሎቹ ብዙ ጊዜ በተከታታይ ስለሚቀጠሉ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ በሙሉ ይጠፋል። ጎበዝ ባለሙያ ስትሪፑን፣ ማለትም የአምፖሎቹን መስመር፣ ይቀይረዋል። ስለዚህ «ስክሪኑ ሄዷል» ብላችሁ በርካሽ እንዳትሸጡት። ዕድሜው እንዲረዝም ከፈለጋችሁ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ባክላይቱን (የኋላውን መብራት) ከ100 ወደ 70 አካባቢ አውርዱት።

ኤልሲዲም ዓይነት አለው። ዋናዎቹ አይፒኤስ እና ቪኤ ናቸው። ቪኤ ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ንፅፅሩ፣ ማለትም በደማቁና በጥቁሩ መካከል ያለው ልዩነት፣ 3000 ለ 1 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አይፒኤስ 1000 ለ 1 አካባቢ ነው። ቁጥሩን ካያችሁ ቪኤ ያሸንፋል። ነገሩ የሚለወጠው እኛ ቤት ሲገባ ነው።

[ምስል፦ ግድግዳውን ተከትሎ የተነጠፈ ፍራሽና ትራስ፣ ቲቪው ከፍ ብሎ ተሰቅሎ]

ድሬ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቲቪ የሚያይ ስንቱ ነው? ፍራሹ ግድግዳውን ይዞ ይዞራል። ትራስ ተደግፎ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ ቲቪው ሥር። ሐረር ብትሄዱ በጥንቱ የሐረሪ ቤት መደቡ ራሱ ደረጃ ደረጃ ነው። ቲቪው ደግሞ ልጆች እንዳይነኩት ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። ቪኤ እንዲህ ከጎንና ከሥር ሲታይ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ የሰው ፊት ይገረጣል። አይፒኤስ ቀለሙን አይለቅም። ኳስ ሲኖር ቤቱ ለሚሞላበት ሰው ያለ ማመንታት አይፒኤስ እላለሁ። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ፊት ለፊት ፊልም ለምታዩ ግን ቪኤ ግሩም ነው።

ሻጩ የትኛው እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ ራሳችሁ ፈትኑት። የሰው ፊት የሚታይበት ቪዲዮ አስከፍቱ። ወደ ጎን ሂዱ፣ ከዚያ ቁጢጥ ብላችሁ ከታች እዩት። አትፈሩ፣ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ኪውሌድም ያው ኤልሲዲ ነው፤ ኳንተም ዶት የሚባሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ቀለሙን ያደምቁለታል። ሚኒ ኤልኢዲ ደግሞ የኋላውን መብራት ብዙ ቦታ ይከፋፍለውና ምስሉ ጨለማ የሆነበትን ብቻ ያደበዝዛል። ብርሃኑም ኃይለኛ ነው። እኛ ነፋስ እንዲገባ በርና መስኮት ከፍተን ለምንውል ሰዎች አቅም ካለ ይህ ነው ምርጡ።

ኦሌድስ? የኋላ መብራት የለውም፤ እያንዳንዱ ፒክስል ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል። ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ነው፣ ከጎንም ያምራል። ሶኒ በ2007 የመጀመሪያውን የኦሌድ ቲቪ ሲሸጥ 11 ኢንች ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግድግዳ ይሞላል። በምስል ጥራት የሚደርስበት የለም ብዬ አምናለሁ። ግን ቀስ በቀስ ያረጃል፣ ሙቀት ደግሞ እርጅናውን ያፈጥነዋል። ቀኑን ሙሉ አንድ ቻናል ተከፍቶ ከዋለ የቻናሉ ምልክት ጥግ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል። ለካፌና ለምግብ ቤት በፍጹም አልመክርም።

ለኮምፒውተር ሞኒተር ነገሩ ቀላል ነው። ለጽሑፍ፣ ለሒሳብና ለዲዛይን አይፒኤስ። ጌም ለሚጫወት 144 ኸርዝና ከዚያ በላይ፤ ኸርዝ ማለት ስክሪኑ በሰከንድ ምስሉን የሚያድስበት ብዛት ነው።

[ምስል፦ ሙሉ ጥቁር፣ ከዚያ ሙሉ ነጭ ስክሪን]

ገበያ ስትወጡ ፍላሽ ላይ ሙሉ ጥቁርና ሙሉ ነጭ ፎቶ ጭናችሁ ሂዱ። ጥቁሩ ላይ ጥግ ጥጉን እዩ፣ ብርሃን ያፈስሳል? ነጩ ላይ የሞተ ፒክስል ወይም ጥላ ፈልጉ። ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን ሁሉ አድርጉ።