ጭስ ማለት ያልነደደ ማገዶ ነው

(በሀማር፣ ኖርዌይ፣ ለመስቀል በዓል ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ።

የደመራ ሰሞን ነው። ብርዱም ደጅ ላይ ቆሟል። ጥቂት ሳምንት ቢቀረው ነው፤ ሚዮሳ ሐይቅ ዳር ያሉት የእንጨት ቤቶች ሁሉ እሳት ማንደድ ይጀምራሉ። ከእኛም ውስጥ ብዙዎቻችን ምድጃ ያለበት ቤት ገብተናል። ስለዚህ የተሰጠኝን ጊዜ ስለ ቤት እሳት ላውራበት።

ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ያለ አገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ለእኛ ማገዶ ለእንጀራና ለወጥ ብቻ አልነበረም። ቤቱም የሚሞቀው በእሱ ነው። ባሕር ዛፍ ካለ ባሕር ዛፍ፣ ከሌለ ኩበት። ጭሱ የሚወጣው በበሩና በሣር ክዳኑ ነበር። እናቴ ጉልቻው ላይ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል ዓይኗ ያነባል። «ምን ሆንሽ?» ስንላት «ጭሱ ነው» ትላለች። ስታስላትም «ጭሱ ነው»። እኛ ልጆቹ ዝቅ ብለን መሬት ላይ እንቀመጣለን፤ ጭሱ ከላይ ስለሚንሳፈፍ። እሳት ካለ ጭስ አለ። ይህን ሳንጠይቅ ነው ያደግነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት የተነሳ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ዋናው ምክንያት የማብሰያ እሳት ጭስ ነው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ያየሁ ዕለት በዓይኔ የመጣብኝ የእናቴ ፊት ነው።

ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው። ጭስ የእሳት ዕዳ አይደለም። ጭስ ማለት ያልነደደ ማገዶ ነው።

እንዴት? እንጨት ሲሞቅ መጀመሪያ ውስጡ ያለው ውሃ ይተናል። ቀጥሎ እንጨቱ ጋዝ ይተፋል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ሦስት አራተኛው ገደማ በዚህ መንገድ ነው የሚወጣው። ነበልባል ብለን የምናየው የዚህ ጋዝ መንደድ ነው። የቀረው ከሰል ነው፤ እሱ ፍም ሆኖ ቀስ ብሎ ያልቃል። ጋዙ እንዲነድ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ኃይለኛ ሙቀትና በቂ አየር። አንዱ ከጎደለ ሳይነድ ያመልጣል። ያ ያመለጠው ነው ጭስ የምንለው። ከፊሉ የጎረቤት ሳንባ ውስጥ ይገባል። ከፊሉ ጭስ ማውጫው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቅጥራን ይሆናል። በገንዘባችሁ የገዛችሁት ሙቀት በጣራ ወጣ ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት በክፉ ቀን ነው። ቤቱን የያዝን ዓመት ማገዶ ገዛሁ። ሻጩ «ደረቅ ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ምድጃ ውስጥ ሳስገባው ይንሿሿል። ጫፉ ላይ አረፋ ይደፍቃል። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ምድጃውን ሞልቼ የአየር ማስገቢያውን ጥርቅም አድርጌ እዘጋው ነበር። እስከ ጠዋት እንዲቆይልኝ ብዬ ነው። አገር ቤት እሳት ስናዳፍን አይደል ያደግነው? ብልሃተኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ግን ልዩነት አለው። እናቶቻችን የሚያዳፍኑት ፍም ነው። ፍም ጋዙን ጨርሷል፤ አመድ ቢለብስ ቅጥራን አይተፋም። እኔ ያዳፈንኩት ገና ያልነደደ እርጥብ ፍልጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲጨስ ያድራል። በየካቲት አንድ ማታ ጭስ ማውጫው ውስጥ ኃይለኛ ንፋስ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ ከጣራው ጫፍ ብልጭታ ይዘንባል። የተለጠፈው ቅጥራን ተቀጣጥሎ ነበር። ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወደ ጎረቤት ሮጥን። እሳት አደጋዎች ደርሰው ቤቱ ተረፈ። በማግሥቱ ጭስ ማውጫ ጠራጊው ከውስጥ የፈረፈረውን አሳየኝ። እንደ መንገድ ሬንጅ ያብረቀርቃል። ጎረቤቴ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሽማግሌ ናቸው፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «እንጨትህን መቼ ነው የፈለጥከው?» አሉኝ።

ጥያቄው አልገባኝም ነበር። አሁን ግን ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ።

ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ሁለት ኪሎ እርጥብ ፍልጥ ምድጃ ውስጥ ስትከቱ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ አብራችሁ ከተታችሁ። አንድ ሊትር ውሃ ጥዳችሁ ድስቱ እስኪደርቅ ጠብቁ እንደማለት ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ለውሃው ሄደ፤ ለልጆቻችሁ አልደረሰም። በደንብ የደረቀ እንጨት ግን የውሃው መጠን ከ20 በመቶ በታች ነው። ከእያንዳንዱ ኪሎ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት አለው። ጥሩ ምድጃ ከዚህ ሦስቱን ያህል ለቤቱ ይሰጣል። የኤሌክትሪክ ሂሳባችሁን የምታውቁ አስሉት።

የዚህ አገር ሰው እንጨቱን ቅጠል ሳያወጣ በብርዱ ወራት ይቆርጣል። ከፋሲካ በፊት ፈልጦ ይጨርሳል። ከዚያ በጋውን ሙሉ ፀሐይና ንፋስ ያደርቁታል። ክምሩን ከላይ ብቻ ነው የሚሸፍነው። ጎኑን ክፍት ይተወዋል። እኔ መጀመሪያ ዙሪያውን በላስቲክ ጠቀለልኩት። ላብ አልቦት ሻገተ። ከመሬትም ከፍ ይበል፤ ሁለት አግዳሚ ከሥር ይበቃዋል። ሳይፈለጥ በግንዱ የተቀመጠ እንጨት ደግሞ ዓመትም ቢቆይ በወጉ አይደርቅም። ቅርፊቱ፣ በተለይ ብዮርክ የሚባለው የዚህ አገር ዛፍ ነጭ ቅርፊት፣ ውሃውን ይዞ ያስቀራል።

መድረቁን ለማወቅ ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ አጋጩ። የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥቡ ድፍን ነው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያም ይሸጣል፤ ውድ አይደለም። ስትለኩ ግን ፍልጡን እንደገና ሰንጥቃችሁ መሀሉን ለኩ። ውጩ ያታልላል።

አሁን ወደ ማቀጣጠሉ ልምጣ። እኛ የለመድነው ጭራሮውን ከሥር አድርገን ትልቁን ከላይ መጫን ነው። እዚህ አገር ከላይ ነው የሚለኮሰው። ሦስት ወፍራም ፍልጥ ከሥር፣ በመሀላቸው ክፍተት ትታችሁ። ቀጫጭኑ ከላይ ተሻግሮ። አናቱ ላይ ጭራሮና ቅርፊት። ከዚያ አናቱን ለኩሱ። ጧፍ አስቡ። ጧፍ ከላይ ነው የሚነደው፤ እያለቀ ይወርዳል። ከታች የሚሞቀው እንጨት የሚተፋው ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ ነበልባሉን አልፎ ነው የሚሄደው። እዚያው ይነዳል። ከሥር ስትለኩሱት ግን ጋዙ ቀዝቃዛ እንጨት መሀል እያለፈ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

አየሩን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። ነበልባሉ ጠንክሮ ምድጃው ሲሞቅ ቀነስ አድርጉ። ቀነስ እንጂ ጥርቅም አይደለም። ደመራ የሚሠራውን ሰው አይታችሁታል። እንጨቱን አቁሞ፣ ጫፍ ለጫፍ አስደግፎ፣ ሆዱን ባዶ ነው የሚተወው። አየር እንዲገባ ነው። ማንም ደመራን በእርጥብ ግንድ ጠቅጥቆ አይደምርም። ምድጃም ያው ነው።

እሳቱን ራሱን እዩት። ብሩህ ቢጫ ሆኖ የሚደንስ ከሆነ ደህና ነው። ጠቆር ያለና የሚያንቀላፋ ከሆነ አየር አንሶታል። የምድጃው መስታወት ከጠቆረ እየነገራችሁ ነው። ካፖርት ደርባችሁ ውጡና ጭስ ማውጫችሁን ቀና ብላችሁ እዩ። ከተለኮሰ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ከጨሰ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ብርድ በሆነና ንፋስ በሌለበት ቀን ኦስሎን የሚያፍነው ደቃቅ ብናኝ አብዛኛው ከእንዲህ ያለ ምድጃ የሚወጣ ነው። ያንን የሚተነፍሱት ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ የእነሱ ሕፃናት፣ የእኛም ሕፃናት።

ለሐበሻ ቤት የተለየ አንድ ነገር አለ፤ በዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ቁሌት ስናቁላላ የማድ ቤቱን ጭስ መሳቢያ በሙሉ ኃይሉ እንከፍተዋለን። ያ ማሽን የቤቱን አየር ስቦ ያወጣል። የዚህ አገር ቤት ደግሞ ድርግም ያለ ነው፤ ቀዳዳ የለውም። አየሩ ከየት ይምጣ? በጭስ ማውጫው ተገልብጦ የምድጃውን ጭስ ይዞ ሳሎን ይገባል። ምድጃ ስትለኩሱ መሳቢያውን አጥፉ። የግድ ከሆነ መስኮት ገርበብ አድርጉ።

ከዚህ የከፋው ከሰል ነው። በዓል ሲመጣ ከሰል ማንደጃውን ሳሎን አስገብተን ቡና እናፈላለን። አገር ቤት በሩ ክፍት ነው፤ ቤቱም ያፈስሳል። እንዲያም ሆኖ ከሰል አፍኖ የገደላቸውን ሰዎች ታሪክ ያልሰማ በመካከላችን የለም። እዚህ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ አደጋው እጥፍ ድርብ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። ራስ ያማል፣ እንቅልፍ ይመጣል፣ ከዚያ ሰው አይነቃም። የጢስ ማስጠንቀቂያው አይሰማውም። ለእሱ የሚሆን ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ምድጃ ያለው ሰው ይግዛ። እባካችሁ፣ እናቶቼ፣ ከሰሉን ውጭ ተዉት። የምድጃው አናት ብረት ነው። ቡናው እዚያ ላይ ይቆላል፤ እኔ ቤት እንደዚያ ነው።

አመዱም ያታልላል። የሞተ መስሎ ቀናት የሚቆይ ፍም ውስጡ ይደበቃል። ክዳን ባለው ብረት ባልዲ፣ ከቤት ውጭ፣ እንጨት ባልሆነ ነገር ላይ። በካርቶንና በፌስታል በፍጹም።

ስለ ምድጃው ራሱ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ በኖርዌይ የሚሸጥ አዲስ ምድጃ በንጽህና እንዲነድ ተደርጎ መሠራት አለበት። ከላይ በኩል የሞቀ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ያመለጠው ጋዝ እዚያ ሁለተኛ ጊዜ ይነዳል። በርገን ከተማ ከ2021 ጀምሮ አሮጌዎቹን ከልክላለች። የቤታችሁ ምድጃ ከ1998 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀይሩት። አንዳንድ ኮሙኔ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ለመቀየሪያ ገንዘብ ይረዳል፤ ጠይቁ። አዲስ ስታስገቡም ለኮሙኔው አሳውቁ። ግን «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይባል የለ? አዲስ ምድጃ ገዝቶ እርጥብ እንጨት የሚከት ሰው ያው ይጨስበታል። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ የወተት ካርቶን፣ ላስቲክ የሚያነድማ መርዝ ነው የሚያጨስ።

ባለፈው ጥር እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ውጭው ከዜሮ በታች 18 ነበር። ማታ ምድጃውን ስለኩስ አጠገቤ ቆማ ታያለች። ክብሪቱን እንደጫርኩ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች። ፊቷን ዘወር አደረገች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ቀስ ብላ ዞረችና መስታወቱ ውስጥ እሳቱን አየችው። ከዚያ በርጩማዋን ስባ ቀረብ ብላ ተቀመጠች። ያን ያህል ለእሳት ቀርባ ዓይኗ ሳያነባ ስትቀመጥ በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነበር። «ይህ ነገር ለእኛ አገር አይሠራም?» አለችኝ።

ይሠራል እናቴ። እዚያም ምርጥ የሚባል የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶ ይሠራል፤ ከሶስት ጉልቻው ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ዓመት ለእሷና ለሁለት ጎረቤቶቿ አሠርተናል። ማገዶውን ደግሞ ከዝናብ የሚጠለልበት ዳስ ሥር መከመር ጀምራለች። ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ይህን ብታስቡበት ደስ ይለኛል።

እዚያ በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት የብዮርክ ፍልጥ አስቀምጫለሁ። አንዱ ባለፈው ዓመት የተፈለጠ ነው፣ አንዱ የዚህ ሳምንት። አጠገባቸው የዕቃ ሳሙና አለ። ሳሙናውን አንዱ ጫፍ ላይ ቀቡና በሌላው ጫፍ አፋችሁን ገጥማችሁ እፍ በሉ። በደረቀው ውስጥ ትንፋሻችሁ አልፎ አረፋ ያወጣል። በእርጥቡ አያልፍም። ልጆቹ ቀድመው ይሞክሩ።

አመሰግናለሁ።