ዛሬ የት ታድሪያለሽ?

እንደምን ዋላችሁ። ከወረዳም ከጤና ጣቢያም የመጣችሁ እግዜር ይስጥልን። እህቶቼ እዛ ኋላ የተደረደራችሁት ወደፊት ኑ ቦታ አለ።

እኔ ዘጠኝ አመት ቡና ቤት ውስጥ በወሲብ ንግድ ሰርቻለሁ፣ አሁን አቻዎቼን አስተምራለሁ። ኮሮና ሲገባ ግን ገና ስራው ላይ ነበርኩ፣ ስለዚህ የምነግራችሁ ያየሁትን ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 በሽታው አገራችን ገባ ተባለ፣ አርብ ነበር። ከዛ በኋላ ጭፈራ ቤቱም ቡና ቤቱም ተራ በተራ ተዘጋ፣ መጋቢት 30 ደሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ፣ በዛ ብሎ መሰብሰብ ክልክል ሆነ። መዘጋቱ ልክ አልነበረም አልልም፣ በሽታው ሰው ይገድል ነበር። ግን ለኛ ቤቱ መስሪያ ብቻ አይደለም፣ ጓዳው ውስጥ ነው የምንተኛው፣ በሩ የተቆለፈ ቀን ስራም ማደሪያም ባንዴ ሄደ።

አዋጁን ለማስፈፀም የወጣው ደንብ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ ኪራይም እንዳይጨምር ይል ነበር። ጥሩ ነው፣ ስንት ቤተሰብ ተርፎበታል። እኛ ግን ውል የሚባል የለንም እኮ፣ አልጋ የምንከፍለው በቀን ነው፣ ሂሳብ ካልሰጠሽ ማታ ቁልፍ አታገኚም፣ እሱን ደሞ ማንም ማስወጣት ብሎ አልቆጠረውም። ዱቄትና ዘይት ሲታደልም የቀበሌ መታወቂያ አምጪ ነው፣ ከክፍለ ሀገር የመጣች ልጅ ከየት ታምጣ?

አንዲት ጓደኛዬን ላንሳላችሁ። ስድስት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን ገባን። እሷ የኤች አይ ቪ መድሃኒት ትወስዳለች፣ ብልቃጡ ስታነሳው እንዳይንኳኳ ጥጥ ጠቅጥቃበታለች፣ ሰው እስኪተኛ ትጠብቅና ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ትውጣለች። አንዳንድ ቀን እንቅልፍ ይቀድማታል፣ አንዳንድ ቀን ምንም ሳትቀምስ ስለዋለች በባዶ ሆዴ እንዴት አድርጌ ትላለች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እየዘለለች ሄደች። የብዙ ወር መድሃኒት ባንዴ መስጠት ከኮሮና በፊትም ነበር፣ መንገድና ወረፋ ይቀንሳል፣ ግን የስድስት ወር መድሃኒት ማስቀመጫ ይፈልጋል፣ እሷ ያላት አንድ ፌስታል ነው።

ኮንዶሙም እንደዛው። ካርቶኑ ባንኮኒ ስር ነበር የሚቀመጠው፣ እዛው ተቆለፈበት። ቡና ቤት ውስጥ እኮ ብትጮሂ የሚሰማ አለ፣ አሳላፊው አለ ዘበኛው አለ፣ ቤቱ ሲዘጋ ከደንበኛ ጋር የምንገባበት መኪና ውስጥ ግን ማን አለ? ደንበኛውም መራብሽን ያውቃል፣ ያለ ኮንዶም ከሆነ እጨምራለሁ ይላል፣ ልጅሽ ደሞ አያቷ ጋ ብር ትጠብቃለች። አስተምረናቸው አልሰሙም የምትሉ አላችሁ፣ እባካችሁ እንደሱ አትበሉ፣ ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ ያጣነው እምቢ የምንልበትን አቅም ነው።

ዕቁባችን ሁለት ወር ያህል አቆየን፣ ከዛ የሚጥል ጠፋና ፈረሰ።

አሁን የምለምነው ከወረዳ የመጣችሁትን ነው። ነገ ሌላ በሽታ መጥቶ ቤት ዝጉ ከተባለ በዛኑ ቀን ወደኛ ኑ፣ መዝገብ ስትይዙ ደሞ ስራሽ ምንድነው ከማለታችሁ በፊት ዛሬ የት ታድሪያለሽ በሉን።

ያቺ ጓደኛዬ በህይወት አለች፣ መድሃኒቷን አሁን እኔ ቤት ነው የምታስቀምጠው። ከሻይ በኋላ በሩ ጋ ባለው ጠረጴዛ እንቀመጣለን፣ መታወቂያ የሌላቸው 14 ልጆች ፎርማቸውን ሞልተው ይዘዋል፣ ሳታዩላቸው እንዳትሄዱ።