እንግዳ ላም ይለብ ወይ?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የላማችን የቡሬ ነገር ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ሱሉልታ ድረስ እርሻ ሊያይ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያው ማለብን ነው። ልጅም ሽማግሌም። ቅዳሜ ጠዋትም ተጠየቀ፣ ተፈቀደ። አላቢዋ ጥጃውን ለቀቀችው፣ ትንሽ ጠባ፣ እናቱ ፊት ታሰረ። ጡቷ ታጠበ፣ በንጹሕ ጨርቅ ደረቀ። የመጀመሪያው ወተት ጥቁር ኩባያ ላይ ተጨመቀ፤ ጓጉል የለውም፣ ደም የለውም። ወተቱ መጣ። ከዚያ አላቢዋ ተነሣችና አንዲት ትንሽ ልጅ ተቀመጠች። ሁለት ሦስቴ ጨመቀች፣ ወረደላት። ከኋላ አጎቷ ስልኩን ደግኖ "ወደዚህ ዙሪ! ወደዚህ!" አለ። ቡሬ ጆሮዋን ወደ ኋላ መለሰች። አንድ እግሯን አነሣች፣ አስቀመጠች። ወተቱ ቀጥ አለ።

"እትዬ፣ አለቀ እንዴ?"

"አላለቀም የኔ ልጅ። ከለከለችን።"

እስኪ ያቺን ቅጽበት ቀስ ብለን እንያት። ጥጃው ሲጠባ፣ ጡቷም ሲታሽ፣ ከአንጎሏ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል። በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ጡቷ ይደርስና ወተቱ ያለበትን ጥቃቅን ከረጢት ሁሉ ይጨምቃል። ጉልበቱ ግን የደቂቃዎች ነው። ጎበዝ አላቢ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ባለው ጊዜ የምትጨርሰው ለዚህ ነው። ላሟ ከደነገጠች አድሬናሊን፣ የድንጋጤው ሆርሞን፣ ይመጣል፣ ኦክሲቶሲኑን ሥራ ያስፈታዋል። ከዚያ በኋላ ብትለምኗት፣ ብትደባብሷት፣ ቶሎ አትመለስም። ውስጥ የቀረው ደግሞ ቅባት የበዛበት የመጨረሻው ወተት ነው። አንድ ቀን ቢሆን ምንም አይደል። በየሳምንቱ ከቀረ ግን የምትሰጠው እየቀነሰ ይሄዳል፣ የጡት በሽታም መንገድ ያገኛል።

እና እያመላለስኩ የማስበው፣ ያቆመው ምኑ ነው? ጩኸቱ ነው? ስልኩ ነው? የአላቢዋ መነሣት ነው? ላም የለመደችውን እጅ ታውቃለች። ልጅቷማ ምንም አላጠፋች፤ እጇን ታጥባ ነው የተቀመጠች፣ የተባለችውንም ነው ያደረገች። ፊቷን ግን ባያችሁት... ራሷን እንደ ጥፋተኛ ነው ያየችው። ይሄ ነው የሚከነክነኝ።

አንዳንዱ "ያረጀች፣ ጸጥ ያለች ላም ለእንግዳ ለይ" ይላል። ይሆናል። ግን ያልለመደ እጅ ጡት ሲያልብ አይጨምቅም፣ ይጎትታል። ጎትቶ ጎትቶ ጫፉን ያቆስላል። ደግሞ እርጋታዋን አይተን ነው እሷን የምንመርጣት፣ እርጋታዋንም የምናጠፋባት እኛው...

እሺ። ሌላ መንገድ አለ። ታልባ ስታበቃ የጡቷ ቀዳዳ ወዲያው አይዘጋም፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ክፍት ይቆያል። አዮዲን ከተነከረ በኋላ እንኳ እበት ላይ እንድትተኛ አንፈልግም፣ ቆማ እንድትቆይ ነው የምንፈልገው። የሚያቆማት መኖ ነው። ታዲያ እንግዳው በዚህች ሰዓት ይግባ፣ ድርቆሹን እሱ ያቅርብላት! የማስመሰል ሥራ አይደለም፣ ላሟ በእውነት የምትፈልገው ነው፣ ሰዓቱም የሷ ነው። ፉርሽካውንና የኑግ ፋጉሎውን ግን የቤቱ ሰው ይስፈር። እንግዳ ሲያዝን እጁ አይመጥንም፣ ዳቦም ይዞ ይመጣል። ዳቦና እህል ሲበዛባት ጨጓራዋ ይኮመጥጣል፣ ላም ይገድላል። ፌስታል የሚባል ነገርማ ከበር ማለፍ የለበትም። ከዋጠችው አይፈጭም፣ እዚያው ተጠቅልሎ ይቀራል።

በር ካልኩ አይቀር፣ የጫማ መንከሪያው። በረኪና ያለበት ገንዳ አስቀምጦ "ጨርሰናል" ማለት አይበቃም። ጭቃና እበት የበረኪናውን ኃይል ይጨርሰዋል። መጀመሪያ በብሩሽና በውኃ ታጥቦ ነው የሚነከረው። በዚያው ቀን ሌላ ከብት ቤት የገባ ሰው ካለ ደግሞ ቦት ጫማ ከዚህ ይሰጠው። አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ በጫማም ይገባል።

ወተት መቅመስስ? የተፈላ ብቻ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ድቅል ላሞች ላይ የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል። "እኛ ጥሬውን እየጠጣን ነው ያደግን" የሚል አባት ይኖራል። በአክብሮት፣ አይሆንም አባቴ።

እኔ ከሁሉ የምወደው ቅቤ መናጡን ነው። ቅሉን በወይራ ማጠን፣ ሽታው ብቻ... ችግሩ ብርዱ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለነው፣ በጠዋት እርጎው ቀዝቃዛ ነው። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ካልደረሰ ቅቤው አይሰበሰብም፣ ልጆቹ ንጠው ንጠው ይሰለቻሉ። ስለዚህ እርጎውን ፀሐይ ላይ ማሞቅ፣ እንግዳው ሳይደርስ መናጥ መጀመር፣ የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት ለነሱ መተው። የእንስሳት ምርምር ተቋሙ ኢልካ፣ የዛሬው ኢልሪ፣ እንስራ ውስጥ የሚገባ የእንጨት መማሰያ ሠርቶ የመናጫውን ጊዜ በጣም አሳጥሮታል። አሬራው ደግሞ ለአይብ ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ አይፍላ። ከፈላ አይቡ እንደ ጎማ ይሆናል።

ፈረሱ... እንግዳ ፈረስ መጋለቡ ላይ ብዙዎቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ። በብዙ ቦታ የሚያዘው የጭነት ልክ የፈረሱ ክብደት 20 በመቶ ነው፣ ኮርቻውን ጨምሮ። ፈረሳችን 220 ኪሎ ቢሆን 44 ኪሎ ማለት ነው። ልጅ ነው የሚችለው። ትልቅ ሰው ከጎኑ ይሂድ፣ ልጓሙን ይያዝ።

ድንች መንቀልን ግን ማንም አይጠላውም። በመስመር መካከል 75 ሳንቲሜትር፣ በእግር መካከል 30 ከተተከለ፣ 10 ሜትር መስመር 33 እግር ይይዛል። ለአንድ ልጅ ሁለት እግር ቢሰጥ 16 ልጅ። ሁሉም አንድ ቀን አይተከልም፣ በየ15 ቀኑ ነው፣ አለዚያ አንድ ቅዳሜ ሞልቶ ሌላው ቅዳሜ ባዶ ይሆናል። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነው ተለይቶ ይጣላል፣ መርዝ አለው። መድኃኒት ከተረጨም ዕቃው ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ልጅ መስመሩ ውስጥ አይገባም።

የድንች ትልቁ ነገሩ የጾም መሆኑ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ላሟ ግን አትጾምም። ወተቱ ይታለባል፣ የሚቀምሰው የለም። ለቅቤ ይሆናል፣ ለፋሲካ። ያን ሰሞን ለእንግዳ የሚቀርበው የተቀቀለ ድንች በዳጣ ነው... በየካቲትና መጋቢት ግን ድንቹ በመስኖ ካልሆነ አይገኝም፣ ውኃው ደግሞ የላሞቹ ነው። ለአንድ ሊትር ወተት ሦስት አራት ሊትር ውኃ ትፈልጋለች። ከማን ላይ ይቀነስ? መስመሩን ወደ ግማሽ ማውረድ ይቻል ይሆናል... ወይም በጾም ጉብኝቱን ጭራሽ ማቆም። እሱም ያሳዝናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ የሚመጡት ያኔ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ስለሆነ፣ በክረምትማ ሱሉልታ ሜዳው ውኃ ነው...

ንቡም አለ። የኛ ንብ ቁጡ ነው፣ ለቀን ጉብኝት አይከፈትም፣ ግን በአደይ አበባ ሰሞን ከሩቅ ቆሞ... አይ፣ ንቡን ከጀመርኩት አልጨርስም። ቆይ፣ ሰው እየጠራኝ ነው መሰለኝ...