በአዳማ የአጥቢያ ሽማግሌዎችና አገልጋዮች ኅብረት ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ መጋቢዎች፣ ሽማግሌዎች፣ ዲያቆናት፣ በልዩ ልዩ ዘርፍ የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሞጆ፣ ከወንጂና ከአዋሽ መልካሳ በጠዋት ተነሥታችሁ የደረሳችሁ እንግዶች፣ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም እንኳን ደኅና መጣችሁ። አዳራሹን የፈቀደችልንን አጥቢያ፣ ምሳውን የሚያዘጋጁልንን እናቶች፣ ትናንት እስከ እኩለ ሌሊት ወንበር ሲያመላልሱ ያመሹትን ወጣቶች ጌታ ይባርክልን። ድምፅ ማጉያው እንደ አምናው ያስቸግራል፤ የአዳማ ነፋስም ቆርቆሮውን ማንኳኳት ጀምሯል፤ ስለዚህ ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ብትጠጉልኝ እመርጣለሁ። ከፊት ያሉት ሁለት ረድፎች ባዶ መሆናቸውን ታያላችሁ። ወደ እነርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

የዓመቱ ሥራ በታደላችሁ ሪፖርት ውስጥ ስላለ አላነበውም። የአዳዲስ መሪዎች ሥልጠና ሁለት ጊዜ ተሰጥቷል፣ የማረሚያ ቤት ጉብኝቱ ሳይቋረጥ ቀጥሏል፣ በሞት የተለየን የአንድ ወንጌላዊ ቤተሰብ የቤታቸው ጣሪያ ተቀይሮላቸዋል። ጸሐፊያችን ይህን ሲያጠናቅር፣ «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ተሠርቶ ለምን ፊትዎ አይፈታም?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በተሠራው ደስ ብሎኛል፤ እግዚአብሔርንም አመስግኛለሁ። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ ጉዳይ በሪፖርቱ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ይዟል፤ «ምእመናንን በጸጋቸውና በጥሪያቸው የመመደቡ ሥራ በሚፈለገው መጠን አልተከናወነም» ይላል። ጸሐፊያችን ጨዋ ሰው ስለሆነ አለሳልሶ ጻፈው። እውነቱን በአንድ ቃል ልበለው፤ አልተከናወነም።

አምና በዚሁ አዳራሽ ሁለት ውሳኔ ማሳለፋችንን ታስታውሳላችሁ። የመጀመሪያው እያንዳንዱ አጥቢያ የደቀ መዝሙርነት ትምህርቱን ከጨረሰ ምእመን ጋር ተቀምጦ እንዲነጋገር፣ ልቡ ወዴት እንደሚያዘነብልና ሌሎችም በእርሱ ላይ ምን እንዳዩ ጠይቆ፣ ልምድ ካለው ሰው ጎን ለስድስት ወር እንዲያስቀምጠው ነበር። ሁለተኛው ሽማግሌ የሆነ ሰው ከሽምግልናው ውጭ ከአንድ በላይ የአገልግሎት ክፍል እንዳይመራ የሚል ነበር። ሁላችንም እጃችንን አውጥተን ተስማማን። አንድም ተቃውሞ አልነበረም፤ ዛሬ ሳስበው ያን ዕለት ቢኖር ኖሮ ይሻለን ነበር እላለሁ፤ ምክንያቱም ተቃውሞው ከአዳራሹ ከወጣን በኋላ በየመንገዱና በየስልኩ ተነሣ።

የመጀመሪያው ውሳኔ ወደ ቅጽ ተለወጠ። ተቀምጦ መነጋገር ጊዜ ይወስዳልና ቅጽ አባዝተን በተንን፤ የተመለሰው ከግማሽ በታች ነው። ከተመለሰውም ውስጥ የአንዱ አጥቢያ ቅጾች በሙሉ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ የእጅ ጽሑፍ የተሞሉ ነበሩ፤ ምእመናኑ ስለ ራሳቸው ጥሪ የተጠየቁ አይመስለኝም። ሁለተኛው ውሳኔ ደግሞ ጠብ ሆነ። «አባቶችን ከመድረክ ለማውረድ የተሸረበ ነው» ተባለ። አንዳንድ አጥቢያዎች ወርኀዊ መዋጮአቸውን አቆሙ፤ በዚህም ምክንያት ሦስተኛው ዙር ሥልጠና ተሰርዟል። የሥልጠናው ገንዘብ የቀረው ድኻ ስለሆንን ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም፤ የቀረው ስለተኳረፍን ነው።

ነገሩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ በሁለት ሰዎች ላስረዳ። ስማቸውንና አጥቢያቸውን አልናገርም። አንዲት እኅት በባንክ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በሒሳብ ሥራ ያገለገለች ናት። በአጥቢያዋ ግን የተመደበችው በሻይ ክፍል ነው፤ ሻይ ማፍላት ክቡር አገልግሎት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ያቺ አጥቢያ የሁለት ዓመት ሒሳቧን መዝጋት አቅቷት ከውጭ ኦዲተር ስትፈልግ፣ መፍትሔው በየእሑዱ ስኒ ያቀርብላቸው እንደነበር ማንም አላሰበም። ሁለተኛው የባጃጅ ሾፌር ነው። ኀዘን ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ይረጋጋል፤ ብዙ አያወራም፣ ይቀመጣል፣ የታመመውን በነጻ ሆስፒታል ያደርሳል፣ ማታ ተመልሶ ይጠይቃል። ይህ ወንድም «አገልግሎት ስጡኝ» ብሎ ለሽማግሌዎች ሲያመለክት በመዘምራን ክፍል ለስድስት ወር ተፈተነና «ድምፅ የለውም» ተብሎ ተመለሰ። ጥያቄው ስለ ድምፁ መሆን አልነበረበትም። መጽሐፍ ቅዱስ በሮሜ 12 ላይ ስጦታዎችን ሲዘረዝር የሚምር በደስታ ይማር ይላል፤ የምሕረት ጸጋ በሮሜ መልእክት ውስጥ ከማስተማር ጋር በአንድ ዝርዝር ተቀምጧል፣ በእኛ ቅጽ ላይ ግን ሳጥን እንኳ አልነበረውም።

«አገልጋይ» የሚለውን ቃል ምን እንዳደረግነው ተመልከቱ። ዛሬ በከተማችን አንድ ሰው «አገልጋይ ነው» ሲባል ማይክራፎን የሚይዝ ማለት ሆኗል። ማይክራፎን ያልያዘው ደግሞ ምእመን ብቻ ነው። በኤፌሶን 4 ግን እረኞችና አስተማሪዎች የተሰጡት ቅዱሳንን ለአገልግሎት ሥራ ለማዘጋጀት ነው፤ ሥራውን የሚሠሩት ቅዱሳን ናቸው፣ እኛ የምናዘጋጅ ነን። እኛ ግን አዘጋጁም ሠሪውም ሆነን፣ ሕዝቡን ተመልካች አድርገን፣ በመጨረሻ «ሕዝቡ ግድ የለውም» ብለን በጸሎት እናለቅሳለን። የሕዝቡን ቸልተኝነት በከፊል ያመረትነው እኛ ነን።

ይህ በየትም ከተማ ቢሆን ያሳዝናል፤ በአዳማ ሲሆን ግን ያሳፍራል። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሜኖናይት ሚስዮናውያን በዚህች ከተማ በአሮጌ የጥጥ መዳመጫ ውስጥ ሆስፒታል ከፍተው ነበር፤ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ የተባለው፣ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የሆነው ማለት ነው። በዚያ የሠለጠኑ ድሬሰሮች፣ ማለትም የሕክምና ረዳቶች፣ ቁስል አጥበው መጽሐፍ ቅዱስም ያስተምሩ ነበር፤ ማንም «አንተ የመድረክ ነህ ወይስ የፋሻ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። በ1951 ዓ.ም. ከዚሁ የሚስዮናውያን ሥራ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች። ጥር 1974 ዓ.ም. ላይ ደርግ ሕንጻዎቿን በሙሉ ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ፤ ከመካከላቸው ከአራት ዓመት በላይ የታሰሩ ነበሩ። መጋቢ ታስሮ፣ መድረክ ታሽጎ፣ ምእመናን በየቤቱ በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ተሰበሰቡ። ማን ያስተምር? የሚችለው። ማን ቤቱን ይክፈት? የደፈረው፤ ብዙውን ጊዜም የደፈረችው። በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት፣ ሲዘጋ 5,000 ያህል የነበሩት አባላት ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። የሁላችንም አጥቢያ ከዚያ የወጣ አይደለም፤ ታሪኩ ግን በእነዚህ ሰፈሮች የሆነ ነው፣ ከመካከላችሁም በልጅነታችሁ ጫማችሁን አልጋ ሥር ደብቃችሁ የጸለያችሁ አላችሁ። ያን ጊዜ ስደት ያስገደደንን ዛሬ በነጻነት ማድረግ አቃተን። በእርግጥ ስደትን የምመኝ አይደለሁም፤ አንድ ወንድም ባለፈው ስብሰባ ስደትን ሲመኝ ሰምቼ ደንግጫለሁ።

በተቃራኒው የሚነሣውን ሥጋትም አልንቀውም። «ያልበሰለን ሰው ወደ ኃላፊነት ስናመጣ ቤተ ክርስቲያን ትጎዳለች፤ ነቢይ ነኝ ባይ ሁሉ በር እያንኳኳ ባለበት ዘመን መጠንቀቅ ይገባል» የምትሉ አላችሁ፤ ትክክል ናችሁ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ኤጲስ ቆጶስ አዲስ ክርስቲያን እንዳይሆን አስጠንቅቋል። በዚያው ምዕራፍ ግን ዲያቆናት አስቀድመው ይፈተኑ ብሏል። ሰው በምን ይፈተናል? ሥራ ተሰጥቶት አጠገቡ ሰው ቆሞ ሲያየው አይደለምን? በሐዋርያት ሥራ 6 የግሪክ አይሁድ መበለቶች ተረሱ ተብሎ ማጉረምረም ሲነሣ፣ ሐዋርያት ማዕዱን ራሳቸው ለማደል አልሮጡም፤ ጉባኤውን «እናንተ ምረጡ» አሉ። የተመረጡት ሰባቱ ሁሉ የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው፤ ያጉረመረመው ወገን ኃላፊነቱን ተረከበ ማለት ይመስለኛል። ከሰባቱም እስጢፋኖስና ፊልጶስ ለማዕድ ተሹመው የወንጌል ምስክሮች ሆነው ተገኙ። ጥሪያቸው በሥራው ውስጥ ተገለጠ እንጂ ቅጽ ሞልተው አልመጡም።

አሁን ስለ ራሴ መናገር አለብኝ፤ ሌላውን ስከስ ራሴን ብሸሽግ ነገሩ ሁሉ ዋጋ ያጣል። በአጥቢያዬ የጎልማሶችን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ለ11 ዓመት አስተምሬአለሁ። ረዳቴ የነበረ አንድ ወጣት ከእኔ የተሻለ ያብራራ ነበር፤ ይህን የማውቀው ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ሰዎች ጥያቄአቸውን ይዘው ወደ እርሱ ስለሚሄዱ ነው። በተራ እንድናስተምር ሲጠይቀኝ «ቆይ፣ ጊዜው ይመጣል» አልኩት። አራት ዓመት ቆየ። አንድ ቀን ወደ ሌላ ከተማ በሥራ ተዛወረና ሊሰናበተኝ መጣ፤ ምንም አላለም፣ ጉልበቴን ስሞ ሄደ። አሁን እዚያ እንደሚያስተምር ከሌላ ሰው ሰማሁ። «ጊዜው ይመጣል» ያልኩት የእርሱን ብስለት ስጠብቅ አልነበረም፤ ክፍሉ ከሌለኝ እሑድ ጠዋት ማን እንደምሆን ስለማላውቅ ነበር። ሌሎቻችሁም ይህን ፍርሃት የምታውቁት ይመስለኛል።

ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች እመለሳለሁ። ይህ ንግግር ተቀርጾ ከምሳ በፊት በቴሌግራም እንደሚደርሳችሁ ስለማውቅ፣ ያልመጣችሁ ወንድሞቼ፣ በቀጥታ ለእናንተ እናገራለሁ። መዋጮ ማቆም መብታችሁ ነው፤ ነገር ግን ቅር ያሰኛችሁ ውሳኔ የእናንተም እጅ የወጣበት ነው። ውሳኔው ከበደን፣ እናሻሽለው ብትሉ ዛሬ በአጀንዳው ሦስተኛ ተራ ላይ ቦታ ይዞላችሁ ነበር። በተለይ ለአንድ አባት መናገር እፈልጋለሁ፤ ስማቸውን ሳልጠራ ራሳቸውን ያውቃሉ። ጋሼ፣ እኔ ፈሪ ወጣት ሳለሁ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ቁልፍ ከኪስዎ አውጥተው በእጄ ላይ ያኖሩ እርስዎ ነበሩ። «ከተበላሸ አብረን እናስተካክለዋለን» ብለውኛል። በመጀመሪያው ወር በደንብ አበላሽቼው ነበር፤ እርስዎም እንዳሉት አብረን አስተካከልነው። ዛሬ ይህን ውሳኔ «አባቶችን ማዋረድ» ብለው ሲጠሩት ስሰማ፣ ያን ቁልፍ ሲሰጡኝ ተዋርደው ነበር ወይ ብዬ ልጠይቅዎ እፈልጋለሁ። ቤትዎ እመጣለሁ፤ እስከዚያ አይቆጡኝ።

የሥራ አመራር ኮሚቴው ለዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር ያቀርባል። ቅጹ ይቅር፤ በምትኩ እያንዳንዱ ሽማግሌ በወር ሁለት ምእመን ቤታቸው ሄዶ ያነጋግር፣ የሰማውንም ለአጥቢያው ሽማግሌዎች ያቅርብ። የአንድ ሽማግሌ አንድ ክፍል ውሳኔ ይጽና፤ ለርክክቡ ግን የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጥ፤ አምና ጊዜ አለመስጠታችን ስሕተት እንደነበር እቀበላለሁ። የተቋረጠው ሥልጠና ደግሞ መዋጮአቸውን ባላቋረጡት አጥቢያዎች ገንዘብ ይጀመር፤ ያቋረጡትም አጥቢያዎች ሰልጣኝ ይላኩ፤ በመሪዎች ኩርፊያ ምክንያት ወጣቶቻቸው መቅረት የለባቸውም። እኔም የጎልማሶችን ክፍል ከመስከረም ጀምሮ ለሁለት እኅቶችና ለአንድ ወንድም አስረክባለሁ፤ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ።

አሁን ጸሐፊያችን የተሰብሳቢዎችን ስም መጥራት ይጀምር። አምና የቀሩትን እየዘለልን አልፈን ነበር፤ ዘንድሮ የሁሉም ስም፣ ያልመጡትም ጭምር፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይጠራ። ጉባኤው ተከፍቷል።