ጨጓራ ውስጥ የሚቆይ ኪኒን፦ ከሐዋሳ አድማጮች ለቀረቡ ጥያቄዎች የፋርማሲ ባለሙያ መልስ

ከታቦር ክፍለ ከተማ የደወሉ እናት፦ የስኳር ኪኒኔ ሜትፎርሚን ነው፤ ማሸጊያው ላይ «ኤክስ አር» ይላል። ትልቅ ስለሆነ መዋጥ አቃተኝ፤ ልጄ ወቅጣ በውሃ በጥብጣ ትሰጠኛለች። ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ እናቴ፣ አለው። ከዛሬ ጀምሮ አይወቀጥ። «ኤክስ አር» ማለት መድኃኒቱን ቀስ በቀስ የሚለቅ ኪኒን ማለት ነው። ሜትፎርሚን በደንብ ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ነው። ያን ቦታ ቶሎ ካለፈ ብዙው ሳይጠቅም ይወጣል። ስለዚህ አንዳንድ ኪኒኖች ጨጓራ ውስጥ ቆይተው መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እንዲለቁ ተደርገው ይሠራሉ። ፈሳሽ ሲነካቸው እንደ ተልባ ይዝለገለጋሉ፤ ያብጣሉ። ያበጠው ኪኒን በጨጓራ መውጫ ቶሎ አያልፍም። ሲወቀጥ ግን ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ! ለሰዓታት የተመጠነው በአንዴ ይለቀቃል፤ ሆድዎንም ሊያውክ ይችላል። በራስዎ አያቁሙት። መዋጥ እንዳቃተዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ወደ ተራው ሜትፎርሚን ሊቀይርልዎ ይችላል።

ከአቶቴ የደወሉ አባት፦ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት አልበላም። ይህንኑ ኪኒን ጠዋት በባዶ ሆድ ልውሰደው?

መልስ፦ አይ አባቴ፣ ከራት ጋር ይሁን። ባዶ ጨጓራ በየ90 እስከ 120 ደቂቃው በኃይል እየተኮማተረ ያገኘውን ጠራርጎ ወደ አንጀት ይሰዳል። ያበጠውም ኪኒን አይተርፍም። ምግብ ሲገባ ይህ ጠረጋ ይቆማል። ደግሞም የስኳር ሕመምተኛ ጾም ከመያዙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ይህን አደራ እላለሁ።

አንድ የፋርማሲ ተማሪ፦ ተንሳፋፊ ኪኒንስ እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ ጎበዝ! ውስጡ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይጨመራል። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ጋዙ ዝልግልጉ ውስጥ ይታፈናል፤ ኪኒኑ ከጨጓራ ፈሳሽ ቀልሎ ይንሳፈፋል። ግን በቂ ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ሰው ሲተኛም መንሳፈፉ ብቻውን አያስተማምንም። እኔ ብሆን ማበጥንና መንሳፈፍን አጣምሬ ነበር የምሞክረው። ለሁሉም መድኃኒት እንደማይሆን ደግሞ አትርሳ። አስፕሪን ጨጓራን ይጎዳል፤ ኦሜፕራዞልን አሲድ ያበላሸዋል። እነሱን እዚያ ማቆየት ጥፋት ነው።

በአጭር መልእክት የደረሰን፦ ሰገራዬ ውስጥ ኪኒን የሚመስል ነገር አየሁ፤ ሳይሠራ ወጣ ማለት ነው?

መልስ፦ በእንዲህ ዓይነት ኪኒን ያጋጥማል። መድኃኒቱ ወጥቶ የቀረው ገለባ ነው። ሌላ ደርበው አይውሰዱ። ስኳርዎ ከወትሮው ከፍ ካለ ግን ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ።